ከቀፎ የተሠራው ክራር

ባለፈው ሳምንት የቤቴን መዝጊያ ሊያስተካክል የመጣው አናጢ ከኪሱ ቁራጭ ሰም አወጣና የመጋዙን ጥርስ አሸበት። ደጁ ላይ ፀሐይ ነበረ። ሰሙ ሞቅ ሲለው ሽታው እስከተቀመጥኩበት ድረስ መጣ፤ የማር፣ የጭስ፣ ደግሞም የቆየ እንጨት ሽታ። አናጢው ፊቴን አይቶ "እማማ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ። አላመመኝም። የሞተ ሰው ሲያንጎራጉር የሰማሁበት ክረምት ትዝ ብሎኝ ነው። ለእሱ ይህን አልነገርኩትም፤ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። አንተ ግን ጊዜ ካለህ ልንገርህ።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። መቱ ያን ጊዜ ገበያዋና ቤተ ክርስቲያኗ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ የሣር ቤቶቿ ናቸው፤ ከዚያ ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበራትም። ከቤቶቹ ጀርባ ወዲያው ጫካው ይጀምራል። በክረምት ጉሙ ከጫካው ወጥቶ መንገዱን ይሞላዋል። በዚያ ጉም ውስጥ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ድምፁ ይደርሳል፣ ቀጥሎ እግሩ ይታያል፣ ፊቱ በመጨረሻ ነው። ልጅ ሆኜ፣ ድምፁ ደርሶ ፊቱ ያልመጣ ሰው ቢኖርስ ብዬ እፈራ ነበር።

አባቴ አናጢ ነበር። በወጣትነቱ ከመንዝ ከጦሩ ጋር መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። በርና መስኮት፣ አልጋ፣ የሬሳ ሳጥን ይሠራል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ሲላላ የሚወጥረውም እሱ ነበር። ከተማው ስለ እሱ ሁለት ነገር ያወራል፤ እጁ ወርቅ ነው፣ ነገር ግን ኩራተኛ ነው። ሰላም ሲሉት አይመልስም። ሲጠሩት ዞር አይልም። ሲያነጋግሩት ምስማር በጥርሱ ነክሶ ሥራውን ይቀጥላል።

ኩራት አልነበረም። አባቴ አይሰማም ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ንዳድ ይዞት ሦስት ሳምንት ተኛ። እሱ ሲነሣ ጆሮው አብሮት አልተነሣም። መጀመሪያ ጮክ ሲሉት ይሰማ ነበር፤ ኋላ ግን ጭራሹን ተዘጋ። ይህን የምናውቀው እሱ፣ እናቴና እኔ ብቻ ነን። ደንቆሮ ሰው ከበሮ ይወጥራል ከተባለ ካህናቱ ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጡበት ያውቃል። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ የሰው መሳቂያ መሆንን ይፈራል። ስለዚህ ደንበኛ ሲመጣ እናቴ ቀድማ ወጥታ ነገሩን ጮክ ብላ ትደግመዋለች፤ እሱ ከንፈሯን ያያል። የእሷንና የእኔን ከንፈር ያነባል፤ የሌላው ሰው፣ በተለይ ጢም ካለበት፣ ይጠፋበታል። እንጨት ሲመርጥ እኔ ከኋላው እቆማለሁ። በጣቱ አጥንት ቆርቆር ያደርገውና ይጠብቃል። ድምፁ ጥሩ ከሆነ ትከሻውን አንዴ እነካዋለሁ፤ ውስጡ የበሰበሰ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ሁለቴ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ጆሮው እኔ ነበርኩ።

ሐምሌ ሲገባ አንድ አዝማሪ ከጎሬ በበቅሎ መጣ። ስሙን በአገሩ ሁሉ የሚያውቁት፣ በየድግሱ የሚፈለግ ሰው ነው። በአንድ ግጥም ሰው ያነሣል፣ በአንድ ግጥም ሰው ይጥላል ይሉታል። ዝናቡ ከካባው ላይ እየተንጠባጠበ ገባና ክራሩን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ አባቴ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። የክራሩ ቆዳ እንደ እርጥብ ጨርቅ ላልቶ ጎድጉዷል።

"ጋሼ" አለ፣ "ይኸ አገር ዝናብ ነው፤ የኔ ክራር ደግሞ ቆዳ። ባለፈው ዘመን መለወጫ ጎሬ ላይ ከገዥው ፊት ቀርቤ ስመታው ዱብ ዱብ አለ እንጂ አልዘፈነም። እንግዳው ሁሉ ሳቀብኝ።"

እናቴ ወደ አባቴ ዞር ብላ "ክራሩ በዝናብ ላልቶበት ተሳቀበት ነው የሚልህ" አለችው።

"ገዥው ግን አልሳቁም" አለ አዝማሪው። "አዘኑልኝ። እሱ ይብሳል።"

ከዚያ ያመጣውን ሐሳብ ነገረን። ጎሬ አንድ ግሪክ ነጋዴ ቤት ወገብ ያለው የፈረንጅ ክራር አይቷል፤ ጊታር ይሉታል። ፊቱ ስስ እንጨት ነው፣ ቆዳ የሚባል የለበትም፣ ዝናብ ቢዘንብ ባይዘንብ ድምፁ ያው ነው። ለእሱም ፊቱ እንጨት የሆነ ክራር እንዲሠራለት ፈለገ፤ ለዘመን መለወጫ።

አባቴ ይህን ከእናቴ ከንፈር ከተረዳ በኋላ "እንዲህ ያለ ክራር ሠርቼ አላውቅም" አለ።

"ማንም አልሠራም። ለዚህ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት።"

"ድምፁ ምን ዓይነት ይሁንልህ?"

አዝማሪው ትንሽ አሰበና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "የሰው ይሁን" አለ። "ከዚህ የሚወጣ።"

ሰውየው ሲሄድ እናቴ በሩን ዘጋችና ከአባቴ ፊት ቆመች። "ክራር እኮ ነው የጠየቀህ፤ በርጩማ አይደለም" አለችው። "ይኸ ሰው ያወቀ ዕለት ደንቆሮው ክራር ሠሪ እያለ በየድግሱ ይዘፍንብሃል።" አባቴ ወደ እኔ አየ። "የልጄ ጆሮ የኔ ጆሮ ነው" አለ። እኔ ያን ቀን ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

የመጀመሪያውን ፊት ከዋንዛ ሠራው፤ ወፈረና ቆርቆር ሲያደርገው የሬሳ ሳጥን ሲዘጋ የሚሰማውን ድምፅ ሰጠ። ሁለቴ ነካሁት። ሁለተኛውን አሳሳው፤ በሦስተኛው ቀን በጥፊ የተመታ ያህል ጮሆ ተሰነጠቀ። ሦስተኛው እንደ ቅጠል ተጠቀለለ። በሐምሌ ደረቅ እንጨት ከየት ይመጣል? ግድግዳችን ራሱ ሻጋታ ያወጣ ነበር። ነሐሴ ገባ። አባቴ ምግብ መተው ጀመረ። እንደ ሌላው ጊዜ እንጨቱን ቆርቁሮ ወደ ኋላ እኔን ማየቱንም ተወ፤ የማደርገውን ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ስለ ማር ቆራጩ ልነግርህ ይገባል። በዳሪሙ በኩል የሚኖር ኦሮሞ ነበር፤ በየገበያው ቀን ለአባቴ ሰም ያመጣለት ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። ግን መንገድ ሲሄድ አፉን ገጥሞ፣ በአፍንጫው፣ ቃል የሌለው አንድ ዜማ ያንጎራጉራል። ዛፍ ላይ ሲወጣ ንቦቹ እንዳይቆጡ የሚያንጎራጉረው ነው አሉ፤ ኋላ ልማድ ሆኖበት መሬትም ላይ አልተወውም። ዜማው ሦስት ጊዜ ከፍ ይልና በአራተኛው ድንገት ይወርዳል፤ ሰው ደረጃ ሲወርድ እግሩ እንደሚስተው። በክረምት ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ዜማው ይሰማል፣ ከዚያ ሰውየው ይመጣል። ሰሙን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ከአባቴ ጎን ቁጭ ይላል። ምንም አይነጋገሩም። አባቴ ከከተማው ሰው ሁሉ የሚወደው እሱን ነበር፤ ምክንያቱን ለመረዳት ዓመታት ፈጀብኝ። ምንም የማይጠይቀው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ክረምት በፊት በነበረው ዓመት፣ ማር በሚቆረጥበት ወራት ከዛፍ ወድቆ ሞቷል።

በነሐሴ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሚስቱ የተረፈ ሰም ይዛ መጣች። ጥጉ ላይ የተከመሩትን የተሰነጠቁ ሳንቃዎች አይታ ምን እንደሆኑ ጠየቀች። እናቴ በኦሮሞኛ ነገረቻት፤ ደረቅ እንጨት ጠፍቶ አባቴ መታመሙን ጭምር። ሴትየዋ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ "አንድ አለ" አለች። "ጋጉራው።"

ጋጉራ በእነሱ አፍ ቀፎ ነው። ግንድ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ተፈልፍሎ፣ እንደገና ተገጥሞ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው። ያ ቀፎ ከባሏ አባት የወረደ ነው። ባሏ የወደቀ ዕለት በገመድ ሊያወርደው ይዞት ነበር፤ እሱ ሲሞት ቀፎው አልተሰበረም።

"ልጆቼ እኛ አንሰቅለውም አሉ" አለች። "ከእሳት በላይ ቆጥ ላይ አስቀምጬ ጭስ ሲጠጣ ይኸው ዓመት ሞላው። ልማግደው ብዬ ሦስቴ አወረድኩት፤ እጄ እምቢ አለኝ።"

እናቴ ፊቷ ተለወጠ። "የሞተ ሰው ዕቃ ለዘፈን አይሆንም።"

"እትዬ፣ እሱስ ሲዘፍን አይደል የኖረው?" አለች ሴትየዋ። "ውሰዱት። አንድ ነገር ብቻ። አፉን አትዝጉበት። ንቡ የሚገባበትን ቀዳዳ እሱ ነው በእጁ ያሰፋው። እሱ ክፍት ይሁን።"

አባቴ ይህን ሲረዳ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። "ክፍት ይሆናል" አላት። ቃል ሲሰጥ ሁለቴ አይናገርም ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ቀፎውን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ በጀርባዋ ተሸክማ አመጣችው። አባቴ ማሰሪያውን ፈታና ሁለቱን ግማሾች ለያያቸው። ውስጡ ጥቁር ነበር፣ ሙጫ እንደተቀባ ያብረቀርቃል። በስንጥቁ ውስጥ የደረቁ ንቦች ነበሩ፤ ክንፋቸው አልወደቀም። ሽታው ቤቱን ሞላው። አባቴ አንደኛውን ግማሽ በጣቱ አጥንት ቆረቆረው።

ትከሻውን መንካት ረሳሁ። ድምፁ ወጥቶ አልቆመማ። ወጣና ቆየ፤ እኔ እየሰማሁት ክፍሉን ዞረ፣ ወደ በሩ ሄደ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጠፋ። አባቴ ፊቴን አይቶ ምንም ሳልነግረው መሮውን አነሣ።

አንደኛውን ግማሽ አሳጥሮ ጫፎቹን ደፈነና የክራሩ ገላ አደረገው። ከሌላው ግማሽ ሦስት ሳንቃ አወጣ፤ በመላጊያ እየላገ፣ ከኋላው ጧፍ ሲያዝ ብርሃን ቀልቶ እስኪያልፍበት ድረስ አሳሳው። ከበሬ ቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ቀብቶ ገጠማቸው። ቀዳዳው ያለበትን ሳንቃ መሐል አደረገ። የቀዳዳው ከንፈር በንቦች እግር ብዛት ለስልሶ የአሮጌ ሳንቲም ጠርዝ መስሎ ነበር። እኔ ደግሞ ጅማቱን ሠራሁ። የበግ አንጀት በአመድ አጥቤ፣ ፍቄ፣ አክርሬ በሁለት ምስማር መካከል እወጥራለሁ። ስድስት ጅማት ለማግኘት አሥራ አንድ አበላሸሁ፤ ጣቶቼ ቆሰሉ።

የፍልሰታ ጾም ነበር። አንድ ቀን ልክ እኩለ ቀን ላይ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ አባቴ የሬሳ ሳጥን ሊያደርስ ወጥቷል። ብቻዬን በሩ አጠገብ ተቀምጬ ጅማት አከራለሁ። ጉሙ ደፉ ላይ ቆሟል፤ ከእግሬ ወዲያ መንገዱ አይታየኝም። ክራሩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ምሰሶዎቹና ቀንበሩ ገብተዋል፣ ጅማት ግን ገና አልተወጠረበትም።

ማር ቆራጩ ሲመጣ ሰማሁት።

ሦስት ጊዜ ከፍ አለ፣ በአራተኛው ወረደ። እንደ ወትሮው። መጣ ብዬ ተነሣሁና የሚቀመጥበትን በርጩማ ከፍርፋሪው እንጨት አጸዳሁለት። ወደ ጉሙ አየሁ፤ እግሩ እስኪወጣ ጠበቅሁ። እግር አልወጣም። ያን ጊዜ ነው ሰውየው ከሞተ ዓመት እንዳለፈው ትዝ ያለኝ። ድምፁም ከመንገዱ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ከኋላዬ ነበር።

ዞርኩ። ክራሩ ላይ ሦስት ንቦች ነበሩ። በነሐሴ ዝናብ ንብ ከቤቷ አትወጣም፤ እነዚህ ግን ቀዳዳው ዙሪያ ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። እጄን በቀስታ ገላው ላይ አሳረፍኩ። እንደ ተኛ ድመት ሆድ ይንቀጠቀጣል። በቀዳዳው ወደ ውስጥ አየሁ፤ ጨለማና ሽታ ብቻ። ዜማው አራተኛው ላይ ወርዶ ሲያበቃ መንቀጥቀጡም አብሮት አበቃ።

ይህን አስተማሪ ለሆነው የልጅ ልጄ ነግሬው ነበር። ነፋስ በቀዳዳው ላይ ሲያልፍ ነው አለኝ። ተምሯል፣ አልተከራከርኩትም። ግን ጉም ነፋስ ባለበት አይቆምም።

ወላጆቼ ሲመለሱ ነገርኳቸው። እናቴ ጠበል አምጥታ ግድግዳውን ረጨች። አባቴ አልሳቀም፣ አልቆጣኝምም። በርጩማው ላይ ተቀመጠና ጎንበስ ብሎ የአገጩን አጥንት ክራሩ ጠርዝ ላይ አስደገፈ። ለምን እንዲህ እንዳደረገ አላውቅም፤ ምናልባት የክራሩ መንቀጥቀጥ በእጄ እንደተሰማኝ ስለነገርኩት ይሆናል። ዓይኑን ጨፈነ። ብዙ ቆየ።

"ይሰማኛል" አለ፣ ከመጠን በላይ ጮክ ብሎ፣ የራሱን ድምፅ እንደማይሰማ ሰው። "እየመጣ ነው። መንገድ ላይ ነው።"

እናቴ አማተበች። በዐሥር ዓመት ውስጥ አባቴ የሰማው የመጀመሪያ ድምፅ እሱ ነው።

ጳጉሜ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አዝማሪው መጣ። የማር ቆራጩም ሚስት መጥታ ነበር፤ ከመሄዱ በፊት ልየው ብላ በሩ መቃን አጠገብ ቆማለች። አዝማሪው ክራሩን ታቅፎ ቃኘ፣ ከዚያ መታው። እንዲህ ያለ ክራር ሰምቼ አላውቅም። ቆዳ ያለው ክራር ይንጫጫል፤ ይኸ ግን ከደረት ይወጣል። ሰውየው ፊቱ በራ። ጥቂት መታና ጅማቶቹን በመዳፉ ዳብሶ ዝም አሰኛቸው።

ክራሩ ዝም አላለም። ከጅማቶቹ በታች፣ ከውስጥ፣ ያ ዜማ ሦስቴ ወጣና በአራተኛው ወረደ።

የማር ቆራጩ ሚስት አላለቀሰችም። "ኢሱማ" አለች በቀስታ። እሱ ራሱ ነው ማለቷ ነው። ለማንም አልነበረም የተናገረችው።

አዝማሪው ክራሩን ከደረቱ አራቀው። "ጋሼ፣ ይኸ ምንድን ነው?" አለ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ መላጊያውን ይጠርጋል። "ጋሼ" አለ እንደገና። እኔ ፈጥኜ የአባቴን ትከሻ ነካሁ፤ አባቴ ዞረ። አዝማሪው እጄን አየ፣ አባቴን አየ፣ እንደገና እጄን አየ። ዓይኑ የአዝማሪ ዓይን ነው፤ የሚያልፈው ነገር የለም። ግን ዘመን መለወጫው አራት ቀን ቀርቶታል። ክራሩን ጠቅልሎ በቅሎው ላይ ወጣ።

በዘመን መለወጫ ዝናቡ ጎሬን እንደገረፋት፣ የሌሎቹ ሁሉ ክራር እንደላላ፣ የእሱ ብቻ እንደተናገረ ሰማን። ገዥው ሁለቴ አስደገሙት አሉ። ከዚያ በኋላ ከጎሬ እስከ ቡሬ፣ እስከ ኡካ ድረስ እሱ የሌለበት ድግስ ድግስ አልተባለም። አባቴ ይህን ስነግረው ፈገግ ይልና ወደ በርጩማው ያያል። ክራሩ ከሄደ ወዲህ ዝም ያለ ሰው ሆኖ ነበር፤ ከበፊቱም የባሰ ዝም ያለ።

ኅዳር ላይ አዝማሪው ተመለሰ። በበጋው፣ በጠራራው ፀሐይ። ልብሱ አዲስ ነበር፣ ፊቱ ግን ከስቷል። ክራሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ዝጉልኝ" አለ። "ቀዳዳውን ይዝጉልኝ።"

"ምን ሆነ?" አለች እናቴ።

"ስዘፍን ከስሬ ሆኖ ይዘፍናል። ሰዎች ሁለተኛው ማነው ይሉኛል። ቡሬ ላይ አንዲት ባልቴት ለእኔ ጠላ ቀድታ ስታበቃ ከኋላዬ ላለው ሰው ሌላ ዋንጫ ዘረጋች። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።" ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። "እሱንስ በቻልኩት። አሁን ግን ግጥም ልጀምር አፌን ስከፍት የእሱ ዜማ ይቀድመኛል። የራሴን ዜማዎች እየረሳኋቸው ነው። አባቴ ያስተማረኝን አንድ የመዲና ዜማ ካጣሁት ሁለት ሳምንቴ።"

እናቴ ለአባቴ ነገረችው፤ ነግራም "ዝጋለት" ብላ ጨመረች። አባቴ ለሴትየዋ ቃል ሰጥቷል። ፊቱ ያለው ሰው ደግሞ እየጠፋ ነው። ረጅም ጊዜ ሁለቱን ሲያመዛዝን ቆየ። ከዚያ ቁራጭ ዋንዛ አነሣና በቀዳዳው ልክ ቀረጸው፤ ሙጫውን እሳት ላይ ጣደ። ውታፉን በእጁ ይዞ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መሆኑ ነው፣ ጎንበስ ብሎ አገጩን ክራሩ ላይ አሳረፈ።

እኔ ከኋላው ነበርኩ። እንደማይሰማኝ ዘነጋሁት።

"አባባ፣ አትዝጋው" አልኩ። "ቃል ገብተህላታል።"

እጁ ቆመ። አገጩን ሳያነሣ፣ ሳይዞር፣ "ማነው?" አለ።

እናቴ ወደ እኔ አየች።

"አሁን የተናገረው ማነው? ሴት ናት።"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"እንደገና።"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

ውታፉ ከእጁ ወደቀ። ወደ ጎኑ ስጠጋ ዓይኑን መልሶ ከንፈሬን አየ፤ ድምፁና ከንፈሬ አንድ መሆናቸውን ሊያረጋግጥ። "አንቺ የልጅ ድምፅ ነበረሽ" አለ። "እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ስታወሪ የማስበው የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር።" ቀጥሎም "አሁን የእናቴ ሆኗል" አለ። እናቱ መንዝ ነው የቀረችው። ከወጣ በኋላ አላያትም፣ ስትሞትም አልቀበራትም።

እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ያን ጊዜ ነው አዝማሪው መኖሩ ትዝ ያለን። ሁሉንም አይቷል፣ ሁሉንም ሰምቷል። ሰውን በአንድ ግጥም የሚጥል ሰው ምስጢራችንን ይዞ መሐላችን ተቀምጧል።

ተነሣ። ከመሬት ላይ ውታፉን አነሣና ሙጫው ከሚፈላበት እሳት ውስጥ ጨመረው። ከዚያ አባቴ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ ጢሙን በጣቶቹ ከአፉ ግራና ቀኝ ገለጥ አድርጎ፣ ከንፈሩን ቀስ እያደረገ፣ "ክፍት ይሁን፣ ጋሼ" አለ። "ከእሱ ጋር መዝፈን እለምዳለሁ።"

አንድም ቀን አልዘፈነብንም። ዳሪሙ መገንጠያ ላይ በየገበያው ቀን ከበቅሎው እየወረደ ለማር ቆራጩ ሚስት ይመታላት እንደነበር ሰምቻለሁ። የጠፋበትን መዲና አግኝቶት እንደሆነ አላውቅም። ጦርነቱ የመጣ ጊዜ በቡሬ መንገድ ክራሩን በጀርባው አዝሎ ቁልቁል ሲወርድ ያየው ሰው ነበር፤ ብቻውን ቢሆንም የሁለት ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር አለ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

አባቴ ክራሩ ከሄደ በኋላ አገጩን በሩ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የከበሮው እንጨት ላይ እያስደገፈ "ተናገሪ" ይለኝ ነበር። አልሆነም። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጦ ግንባሩን የራሴ ቅል ላይ ጣል አደረገ፤ እኔ እንዲያው ለማጽናናት የሆነ ነገር አልኩ። ቀና አለና አየኝ። "ትንሽ" አለ። "ከሩቅ። ግን አለ።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ሲያበቃ ይቀመጣል፣ ግንባሩን ያስደግፈኛል፣ እኔ የቀኑን ወሬ እነግረዋለሁ፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳገባ፣ ካህናቱ በምን እንደተጣሉ። ቁም ነገሩን አይደለም የሚፈልገው።

አባቴ የታመመው ከጦርነቱ በፊት በነበረው ክረምት ነው። በመጨረሻው ቀን እጁን ማንሣት አቅቶት በዓይኑ ጠራኝ። አጠገቡ ተጋደምኩና ጭንቅላቴን ግንባሩ ላይ አደረግኩ። አወራሁት። ጉሙ ገበያውን መሙላቱን፣ ሰዎቹ ለመሻገር ወንዙ እስኪጎድል መጠበቃቸውን፣ ጥጉ ላይ ያለው የዋንዛ ግንድ እየደረቀ መሆኑን ነገርኩት። እናቴ "ይበቃል፣ ልጄ" አለችኝ። ስንት ጊዜ እንዳለችኝ አላውቅም። ሲሰማኝ የቆየው እስከ የትኛው ቃል እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።